አማቴን ይዘን ወደ ባሌ ተራሮች፦ የት እንደር?

የጠያቂዋ ደብዳቤ

"ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ከጥምቀት በኋላ ልጆቹ ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲወጡ አምስት ቀን ይዘን ባሌ ተራሮችን ልናይ አስበናል። ለገና ከሚኒሶታ የመጣችው ታናሽ እህቴም አብራን ትሄዳለች። ችግሩ በማረፊያው መስማማት አለመቻላችን ነው። ባለቤቴ ሐረና ጫካ ውስጥ ያለ ውድ ሎጅ ካልሆነ ብሏል። እኔ ገንዘቡ ያሳሳኛል፤ ሮቤ ወይም ጎባ መጠነኛ ሆቴል ይዘን በየቀኑ ደርሰን እንመለስ ባይ ነኝ። እህቴ ደግሞ ሳነቴ የተባለው ከፍተኛ አምባ ላይ ድንኳን ተክለን ካላደርን ምኑን ሄድነው ትላለች። የ15 ዓመቷ ልጄ ፈረስ መጋለብ ትፈልጋለች። የ9 ዓመቱ ልጄ ቀይ ቀበሮ ለማየት ከአሁኑ እንቅልፍ አጥቷል፤ ውሻችንንም ይዘን እንሂድ እያለ ያስቸግረኛል። አማቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ የደም ግፊት አለባቸው፣ ረቡዕና ዓርብን አይሽሩም። ይህን ሁሉ ክርክር ቁጭ ብለው ሰሙና 'እኔን ተዉኝ፣ ቤት እጠብቃለሁ' አሉ። ከዚያ ወዲህ ጉዞው ራሱ አስጠላኝ። ምን ይመክሩኛል?
ግራ የገባኝ፣ ከአዲስ አበባ"

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አብዛኛው ስለ ሎጅና ስለ ሆቴል ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን የአማትሽ ቃል ነው። "እኔን ተዉኝ" የምትል እናት አብዛኛውን ጊዜ መሄድ ጠልታ አይደለም፤ ልጆቿ መካከል ሸክም ሆና መታየት ፈርታ ነው። እናንተ ስለ አልጋ ስትከራከሩ እሳቸው የሰሙት ስለ ዕድሜያቸውና ስለ በሽታቸው ነው። ስለዚህ መልሴን ከእሳቸው እጀምራለሁ። ጉዞው በእሳቸው ልክ ከተሰፋ ለሁላችሁም ይበቃል።

ተራራ ላይ ማረፊያ ሲመረጥ ከአልጋውም ከምግቡም በፊት የሚጠየቀው ከፍታ ነው። በተለይ ደግሞ ሌሊቱን የምታድሩበት ከፍታ። ቀን ወጣ ብሎ መመለስን ሰውነት ይችላል፤ እንቅልፍ ላይ ግን ትንፋሽ ይቀንሳል፣ ያኔ ነው ከፍታው የሚያጠቃው። አሁን የባሌን ካርታ በዚህ ዓይን እይው። አዲስ አበባ በ2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ሮቤ 2,500 ገደማ፣ ጎባ 2,700 ገደማ ነው። የፓርኩ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል፤ እዚያው ላይ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ከፍተኛው። ከሳነቴ በስተደቡብ መንገዱ ቁልቁል ወርዶ ሐረና ጫካ ሲገባ፣ ባለቤትሽ የሚያስበው ዓይነት ሎጅ ያለበት ቦታ ተመልሶ 2,400 ሜትር ገደማ ይሆናል።

አየሽው? አንቺና ባለቤትሽ የተጣላችሁባቸው ሁለቱ ቦታዎች ለአማትሽ ሳንባና ልብ ከሞላ ጎደል አዲስ አበባ ናቸው። በእናንተ ክርክር ውስጥ የጤና ጉዳይ የለበትም፤ የቀረው የገንዘብ ነው፣ እሱን ደግሞ እናስታርቀዋለን። የጤና ጥያቄ ያለው በእህትሽ ድንኳን ላይ ነው።

ይህን በችግር ነው የተማርኩት። ከዓመታት በፊት አክስቴን ወደ አንድ ደጋ አገር ወስጄ ነበር። ማረፊያውን የመረጥኩት በፎቶ ነው፦ ትልቅ መስኮት፣ እሳት ምድጃ፣ ከፊት ለፊት ገደል። ስንደርስ ክፍሉ በእርግጥም ያምራል። ከሌሊቱ 4 ሰዓት ላይ ጄኔሬተሩ ጠፋ፣ ማገዶው እርጥብ ነበር፣ አክስቴ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይዟት ሌሊቱን ተቀምጣ አነጋች። ከፍታው ስንት ሜትር እንደሆነ ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንቺ ግን ከመሄድሽ በፊት ጠይቀሻል።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ አደርግ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ሮቤ ወይም ጎባ እደሩ። ሁለቱ ከተሞች አስራ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት፤ ስለዚህ በሆቴሉ ንጽሕናና በሙቅ ውሃው እንጂ በከተማው አትጨነቁ። በመኪና በአሰላ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል ከመጣችሁ ሙሉ ቀን ይወስድባችኋል፤ ምሳና ዕረፍት ከተጨመረበት ስምንት ዘጠኝ ሰዓት። ለአማትሽ ይህን ያህል መቀመጥ ከከፍታው ይልቅ ሊከብድ ይችላል። ወደ ሮቤ የሀገር ውስጥ በረራ ስላለ፣ የበረራ ቀኑ ከገጠመላችሁ አማትሽንና እህትሽን በአውሮፕላን ልካችሁ እናንተ በመኪና ሂዱ። በመኪና ከሆነም ሌሊት አትንዱ። የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ለሆቴሉም ለፓርኩም ደውላችሁ አረጋግጡ። ባለፉት ዓመታት በአገራችን መንገድ ላይ ያለውን ሁኔታ ሁላችንም እናውቃለን፤ መጠየቅ ፈሪ አያሰኝም።

በሁለተኛው ቀን ወደ ዲንሾ ብቻ ሂዱ፣ በቃ። ወደ ሩቅ አትመኙ። እዚያ በፓርኩ መሥሪያ ቤት ዙሪያ በጥድና በኮሶ ዛፎች ውስጥ የደጋ አጋዘን ታያላችሁ፤ ከኢትዮጵያ ውጪ በዓለም ላይ የትም የለም። ወንዱ ጠምዛዛ ቀንዱን ይዞ ከዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ ሲያያችሁ፣ ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ አማትሽም ዝም ይላሉ። ድኩላውና ከርከሮውም እዚያው ናቸው። መንገዱ አጭርና ለአዛውንት እግር የሚሆን ነው፤ በዝግታ ተራመዱ፣ ደግሞ ተቀመጡ። የፓርክ መግቢያ ክፍያውና አስጎብኚው የሚያዘውም እዚሁ ስለሆነ ለሚቀጥለው ቀን ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ትመለሳላችሁ። ሰውነታችሁም በቀን 3,000 ሜትርን ቀምሶ ማታ 2,500 ላይ ይተኛል፤ ለሳነቴ ጥሩ ልምምድ ነው።

ሦስተኛው ቀን የልጅሽ ቀን ነው። ከጎባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነስታችሁ ሳነቴን ውጡ። ቀይ ቀበሮ እንደ ጅብ የሌሊት አውሬ አይደለም፤ የሚበላቸው አይጦችና ፍልፈሎች ቀን ስለሚወጡ እሱም ቀን ነው የሚያድነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ አዳም የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት ደግሞ ባሌ ላይ ይኖራሉ። ስለዚህ የማየት ዕድላችሁ ከየትኛውም ቦታ ይበልጣል። መኪናችሁን በዝግታ ንዱ፣ መስኮት ከፍታችሁ ተመልከቱ፤ ግዙፉ ፍልፈል ከጉድጓዱ ጭንቅላቱን ብቅ አድርጎ ሣር ሲያጭድ ካያችሁ ቆማችሁ ጠብቁ፣ ቀበሮውም ከዚያ አይርቅም። በኦሮምኛ ጀዳላ ፈርዳ ይሉታል፣ የፈረስ ቀበሮ ማለት ነው። ጅብራ የሚባለው የደጋ ተክል ከሰው በላይ ቆሞ በጭጋግ ውስጥ ሲታይ ደግሞ ሌላ ዓለም ይመስላል።

ስለ ውሻው ግን ልጅሽን አስቀምጠሽ አነጋግሪው፣ ምክንያቱንም ሳትደብቂ ንገሪው። ቀይ ቀበሮን እየጨረሰ ያለው ከመሬት መጥበብ ቀጥሎ ከውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። በ1984 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከዚያም በ1996 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ ቀበሮዎቹን ፈጅቷል፤ በ1996ቱ በፓርኩ ዌብ ሸለቆ ከነበሩት አብዛኞቹ ሞተዋል። ያ ሁሉ የሆነው ከቤት ውሻ በተላለፈ በሽታ ነው። የእናንተ ውሻ ቢከተብም ፓርክ ውስጥ ቦታ የለውም። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ይረዳል። "ቀበሮውን የምትወደው ከሆነ ውሻህን ለጎረቤት አደራ ትሰጣለህ" ብትዪው በራሱ ፈቃድ ይተወዋል ብዬ አምናለሁ።

ሳነቴ ላይ እስከ ረፋድ ቆይታችሁ ወደ ሐረና ውረዱ፤ ሦስተኛውን ሌሊት ባለቤትሽ በመረጠው ሎጅ እደሩ። አንድ ሌሊት ብቻ። አራቱንም ሌሊት እዚያ ማደር ገንዘቡን ከመጨረሱም በላይ ዲንሾን ያስቀርባችኋል፤ አንድ ሌሊት ግን ባለቤትሽም የተመኘውን ያገኛል፣ አንቺም በገንዘቡ አትቆጪም። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ጫካውን አይታችሁ፣ ከምሳ በኋላ ሳነቴን ተሻግራችሁ ጎባ ግቡ። በማግስቱ ወደ ቤት። ከሐረና ተነስታችሁ በአንድ ቀን አዲስ አበባ እንገባለን እንዳትሉ፤ ብዙ ሰው ያን ስህተት ይሠራል፣ መጨረሻው የሌሊት መንገድ ነው። ስድስተኛ ቀን ማግኘት ከቻላችሁ ግን ለሐረና ስጧት።

ስለ ሐረና ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አማትሽን እዚያ አስባቸዋለሁና። ቁልቁለቱን ስትወርዱ መጀመሪያ አስታው፣ ቀጥሎ ቀርከሃው፣ ከዚያም አረንጓዴ ሽበት የለበሱ ትልልቅ ዛፎች ይመጣሉ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብርዱ ይለቃል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። ቀርከሃው ውስጥ በአገራችን ብቻ የሚገኘው የባሌ ጦጣ አለ። ማር ቆራጮች ቀፎአቸውን ከረጃጅም ዛፎች ላይ ሰቅለዋል። ዝቅ ስትሉ ደግሞ ማንም ያልተከለው ቡና በዛፍ ጥላ ሥር በራሱ በቅሎ ታገኛላችሁ። ዕድሜ ልካቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ቡና ያፈሉ እናት፣ ቡናውን በጫካው ቆሞ ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን? ለእኔ ከቀበሮው ይልቅ ይህ ነው የጉዞው ልብ። ግን ጫካው አንበሳም ነብርም ያለበት ነው፤ ያለ አስጎብኚ አትግቡ፣ ልጆቹም ከዓይናችሁ አይራቁ።

አሁን ወደ ሐኪሙ። 4,000 ሜትር ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ከሚገኘው ስድሳ በመቶ ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሰባ አምስት በመቶ ያህል። ልዩነቱ ለጤነኛ ሰው የራስ ምታት ነው፤ ለግፊት በሽተኛ ግን አስቀድሞ መታየት ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አማትሽን ሐኪማቸው ዘንድ ውሰጃቸው። "ባሌ ልንሄድ ነው" ማለት ብቻ አይበቃም፤ "ለሦስት ሰዓት ያህል 4,000 ሜትር ላይ በመኪና እናልፋለን፣ የምናድረው ግን 2,500 ላይ ነው፣ ይቻላል?" ብለሽ ጠይቂ። የከፍታ መድኃኒት ነው እየተባለ የሚሸጠውን አሴታዞላማይድ በራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትሰጧቸው፤ ሽንት የሚያበዛ ስለሆነ ከግፊት ክኒናቸው ጋር ሐኪሙ ማየት አለበት። የዘወትር መድኃኒታቸው ደግሞ ሻንጣ ውስጥ ሳይሆን እጃቸው ላይ ባለው ቦርሳ ይሁን።

ሐኪሙ አይሆንም ካለ መሄዳቸው ይቀራል ማለት አይደለም። ከጎባ ወደ ሐረና የሚወስደው መንገድ በሳነቴ ላይ ስለሆነ ሐረና ይቀራል፤ ያኔ አራቱንም ሌሊት ሮቤ ታድራላችሁ፣ ሳነቴን ደርሰው የሚመለሱት በአንድ ቀን ደርሰው ይመለሳሉ፣ አንቺ ወይም ባለቤትሽ ከእሳቸው ጋር ትቀራላችሁ። ዲንሾ ግን አይቅርባቸው። ባለቤትሽ ሎጁን መተው ሊቆጨው ይችላል፤ እናቱ ናቸውና ይገባዋል። መንገድ ላይም ማናችሁም ብትሆኑ የማይለቅ ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ መንገዳገድ ከመጣባችሁ ፎቶውን ትታችሁ ወዲያው ውረዱ፤ መድኃኒቱ መውረድ ነው፣ ከሳነቴ ጎባ ደግሞ ቅርብ ነው።

ለእህትሽ እንዲህ በያት። ፍላጎቷ መልካም ነው፤ ከዋክብቱን ለማየት ሳነቴን የሚያህል ቦታ ጥቂት ነው። ነገር ግን እናንተ የምትሄዱበት ወቅት በጋ ነው፤ ቀኑ ጥርት ያለ፣ ሌሊቱ ግን ውሃ በብርጭቆ የሚረጋበት ብርድ ነው። የተራራ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ ባይጨምር ይመክራሉ፤ ከሮቤ ተነስቶ ሳነቴ ላይ ማደር 1,500 ሜትር መዝለል ነው። እሷ ደግሞ ከሚኒሶታ ሜዳ የመጣችው በቅርቡ ነው። ድንኳን ካማራት በሁለተኛው ሌሊት ዲንሾ ላይ በፓርኩ ፈቃድ ከ15 ዓመቷ ልጅሽ ጋር ትደር፤ ወፍራም የመኝታ ከረጢት፣ ሁለት ካልሲ፣ ጋቢ። ጠዋት በማለዳ ተነስተው ጎባ ላይ ይቀላቀሏችሁ። ብዙ ቀን ሲኖራት በዌብ ሸለቆ በፈረስና በእግር የሚሄደውን የቀናት ጉዞ ትመለስበት። እዚያ ፊንጫ ሀበራ የሚባል ዋሻ አለ፤ ተመራማሪዎች በ2011 ዓ.ም. እንዳሳወቁት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ሰዎች እዚያ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ፣ ያድሩ ነበር፤ ሲበሉ የነበረውም ያንኑ ግዙፍ ፍልፈል ነው። ይህን ለልጅሽ ንገሪው፤ ቀበሮው ዛሬ የሚበላውን ያኔ ሰውም ይበላው ነበር።

ፈረሱ ቀላል ነው። ባሌ የፈረስ አገር ነው፤ ዲንሾ ላይ ከአስጎብኚዎቹ ጋር ለግማሽ ቀን ይያዝላታል። ለመጀመሪያ ጊዜዋ ከሆነ ሳቢ ይኑር።

የሶፍ ዑመር ዋሻ ስምም መነሳቱ አይቀርም። የዌብ ወንዝ ድንጋዩን በርብሮ የሠራው፣ 15 ኪሎ ሜትር የሚያህል ድንቅ ዋሻ ነው። ግን ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ደርሶ መልስ ሙሉ ቀን ይፈጃል፣ ቆላና ሙቀት ነው። በአምስት ቀን ከአዛውንት ጋር ባትጨምሩት እመርጣለሁ።

ለሆቴሉም ለሎጁም ስትደውዪ "ክፍል አለ ወይ" ብለሽ አትዝጊ። ሙቅ ውሃው በስንት ሰዓት ይመጣል፣ ሌሊት መብራት አለ ወይስ ጄኔሬተሩ በስንት ሰዓት ይጠፋል፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ይሰጣል ወይ፣ ለአማቴ ደረጃ የሌለበት ምድር ቤት ክፍል ይገኛል ወይ በያቸው። መጸዳጃው ክፍሉ ውስጥ መሆኑንም፤ በብርድ ሌሊት አዛውንት ወደ ውጭ መውጣት የለባቸውም። የተነገረሽ ዋጋ 15 በመቶውን ታክስና የአገልግሎት ክፍያውን ይጨምር እንደሆነ ጠይቂ፤ ብዙ ቤተሰብ ሒሳብ ሲመጣ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ዋጋ በዜግነት የሚለይበት ቦታ ስላለ እህትሽ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያዋን ትያዝ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ከወዲሁ እዘዢ፤ ጫካ ውስጥ ያለ ወጥ ቤት በሰዓቱ ተነግሮት ሽሮ አያጣም፣ ሳይነገረው ግን ገበያ ሩቅ ነው። ምድጃ ያለው ክፍል ከሆነ ማገዶው ከየት እንደሚመጣ ጠይቂ። ባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ጥድና አስታው ግን ዛሬም ለማገዶ ይቆረጣል። ከፓርኩ ያልተቆረጠ እንጨት የሚያነድ ቤት ካገኘሽ ጥቂት ብር ቢበልጥም እሱን ምረጪ።

ገበያ ካገኛችሁ የሐረና ማርና የባሌ ጩኮ ግዙ። ሰው ስታገኙ "አካም" ብላችሁ ሰላም በሉ፣ ስታመሰግኑ "ገለቶማ" በሉ፤ ልጆቹ መንገድ ላይ ይለማመዱት።

አማትሽን ደግሞ አንቺው ራስሽ አነጋግሪያቸው። "ይምጡ፣ ምንም አይሆኑም" አትበያቸው፤ እንደዚያ ሲባሉ እንደገና ሸክም የሆኑ ይመስላቸዋል። ቡናውን ንገሪያቸው። "ጀበናውን ይዘናል፣ ጋቢዎን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ፤ ሐረና ላይ ቡናውን የሚያፈሉልን እርስዎ ነዎት፣ ሐኪም ጋ ማክሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ" በያቸው።